ድንጋዩ የተለቀመለት መንገድ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ የልጄ ልጅ ሕሊና ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። በስልኩ ላይ አንድ ረጅም ነጭ መኪና በለሰለሰ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፤ ባልና ሚስት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። መኪናው በዚያ ፍጥነት ሲሄድ ከብርጭቋቸው ጠብታ አይፈስም።

"አባባ፣ ቤት እኮ ነው! ቤታቸውን ይዘው ነው የሚዞሩት" አለችኝ። ከዚያ ዕድሜዬን ሁሉ በሹፌርነት እንደኖርኩ ትዝ አላት መሰለኝ፣ "እርስዎ እንደዚህ ያለ ነድተው ያውቃሉ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ነድቻለሁ።"

"የት?"

"መንዝ።"

ከት ብላ ሳቀች። የመንዝን መንገድ በክረምት ታውቀዋለች፤ ለዘመድ ለቅሶ ሄደን ከሚኒባስ ወርደን ስንገፋ አንድ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቶባታል። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ሽማግሌ ሲዋሽ በአክብሮት ይሰሙታል፣ እውነቱን ሲናገር ይስቁበታል፤ ይህን ከለመድኩ ቆይቻለሁ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ያ ነጭ መኪና ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። ለሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያልነገርኳትን፣ ለልጆቼም ያላወራሁትን ነገር እዚህ እጽፈዋለሁ። ከዚህ በላይ ተሸክሜው መሄድ አቅቶኛል።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። የዓይን ሕክምና በሚሰጥ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ በሹፌርነት እሠራ ነበር። ማኅበሩ ከባሕር ማዶ በእርዳታ አንድ መኪና መጣለት፤ ሕሊና ካሳየችኝ ጋር የአንድ እናት ልጅ የሚመስል፣ ረጅም፣ ነጭ፣ ባለ መጋረጃ። ሀብታሞች በዕረፍት ጊዜያቸው ይዝናኑበት የነበረ ነው አሉ። አልጋውን አውጥተን የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ አስገባንበት። የብርጭቆ መደርደሪያው የመድኃኒት መደርደሪያ ሆነ። ከወለሉ በታች ትልቅ የውኃ ጋን ነበረው፣ ከኋላው ጀኔሬተር። የመጋረጃው አበባ ግን እንዳለ ቀረ፤ በሽተኞች ጠረጴዛው ላይ ተኝተው የዓይናቸው ፋሻ ሲፈታ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ቢጫ አበባ ነበር።

መኪናውን የሠሩት ሰዎች ድንጋይ የሚባል ነገር አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ርዝመቱ ከአውቶቡስ አያንስም፣ ጎማው ግን ትንሽ ነው። ሆዱ ዝቅ ያለ ነው። ከኋላ ጎማው ወዲያ ያለው ጅራቱ ደግሞ ሦስት ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቦይ ስሻገር ጅራቱ መሬቱን ይጭረዋል፣ ስታጠፍ ዳገቱን ይልሰዋል። በአስፋልት ላይ ጌታ ነበር። ከአስፋልት ሲወርድ ግን መሪው እጄ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ የሚለምነኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ስለ እናቴ ልናገር። ወይዘሮ አስካለ ትባላለች። ቤታችን ከመሐል ሜዳ ወደ ግሼ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ እናቴ የበግ ጠጉር ፈትላ፣ ዝተት የሚባለውን የሱፍ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። ዓይኗን ሞራ ሲጀምራት የምድጃ ጭስ መስሏት ነበር። ቀጥሎ ጉም ነው አለች፤ በእኛ አገር ደግሞ ጉም የሌለበት ቀን ስለማይገኝ ማንም አልተጠራጠረም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ለፋሲካ ቤት ስገባ ቀና ብላ አየችኝና "ማን ልበል?" አለችኝ። ድምፄን ስትሰማ ነው የለየችኝ።

ማኅበሩ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ሞራ የሚድን በሽታ መሆኑን በዓይኔ አየሁ። በዱላ እየተመሩ የመጡ ሰዎች በማግስቱ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሲሄዱ አየሁ። ስለዚህ የማኅበሩን ሐኪም ዶክተር ሰናይትን መወትወት ጀመርኩ። ዶክተር ሰናይት ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የምትበልጥ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ቃል የማትደጋግም ሴት ነበረች። "በእኛ አገር ዓይነ ስውር ሞልቷል፣ ሐኪም ደርሶባቸው አያውቅም" አልኳት። ይህ እውነት ነው። እናቴ እዚያ መኖሯን ግን አልነገርኳትም። ለራሱ ሰው ብሎ ነው እንዳልባል ፈራሁ፤ ይሉኝታ ይዞኝ ነው።

"መንገዱ ያንን መኪና ያሳልፋል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ያሳልፋል" አልኳት። እያወቅኩ ዋሸሁ ለማለት አልችልም። የገበያ ቀን የጭነት መኪና እየተንገጫገጨ ያልፍበታል። ያንን ለስላሳ ፍጡር ግን ያሳልፈው እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር፤ ልቤ የፈለገውን ነው የተናገርኩት።

ከጉዞው አንድ ወር በፊት በሽተኞች ለማስመዝገብ መሐል ሜዳ ተልኬ ነበር። ገበያው ውስጥ የደብራችንን ካህን ቄስ ሞገስን አገኘኋቸውና ጉዳዩን ነገርኳቸው። ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ላውጅ አሉ።

"አባ፣ አንድ ነገር አደራ" አልኳቸው። "መኪናው ሆዱ ዝቅ ያለ ነው፣ ድንጋይ አይወድም። መንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ ያስነሡልኝ።"

"ምን ያህሉን?"

"የቻላችሁትን ሁሉ።"

"እሱ ምን ችግር አለው ልጄ! እኛ እኮ ከድንጋይ ጋር ስንታገል የኖርን ሰዎች ነን" አሉኝና ባረኩኝ። የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ጥሩንባውን እያስጮኸ ስለነበር ሮጬ ተሳፈርኩ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። እኔ ማለቴ ከዳገት እየተንከባለለ መንገድ ላይ የሚቀመጠውን ልቅ ድንጋይ ነበር። ያንን መንገድ ያወጣው የአካባቢው ሰው ራሱ ነው፤ በክፉ ዘመን ለእርዳታ ስንዴ ብሎ ድንጋይ እየፈለጠ፣ እያቆመና እየጠቀጠቀ የደለደለው ነው። የተተከለው ድንጋይ ሲታይ ያስጠላል፣ ጎማ ይበላል፣ ባሌስትራ ይሰብራል፤ ነገር ግን መንገዱን መንገድ ያደረገው እሱ ነው። ይህን ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። የመንዝ ገበሬ ግን ድንጋይን የሚያውቀው በሌላ በኩል ነው። ገብስ ከመዝራቱ በፊት በየዓመቱ ማሳውን ይለቅማል፤ በለቀመ ቁጥር ማረሻው ሌላ ያወጣለታል። ለእሱ መልካም መሬት ማለት ድንጋይ የሌለበት መሬት ነው። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆሜ ሁለት ቃል ጨምሬ "የተተከለውን እንዳትነኩ" ብል ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ።

ጉዞ የጀመርነው በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም ነው። ዶክተር ሰናይት፣ አንዲት ነርስና እኔ ነበርን። ከደብረ ብርሃን ማለዳ ወጥተን ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ መብራት አብርቼ፣ በየመታጠፊያው ክላክስ እያሰማሁ፣ ከፊቴ ካለው ነጭ መስመር በቀር ምንም ሳላይ አለፍኩት። አስፋልቱን ለቀን ወደ ሞላሌ ስንታጠፍ ኮረኮንቹ ተቀበለን። ከኋላዬ መቀስና መርፌው፣ ብረቱና ጠርሙሱ ሁሉ ይንጫጫል። ነርሷ መሳቢያዎቹን በፋሻ ጠፍራ አሠረቻቸው። ጓሳ ሣሩ ላይ የጠዋት ውርጭ ገና አልረገፈም ነበር፤ ጅብራው ቁመቱን ዘርግቶ ቆሟል፣ በጎች መንገዱን ሞልተው አይለቁም። ሹፌር መንገድን በዓይኑ ብቻ አያውቀውም፤ በወገቡ ነው የሚያውቀው። እስከ ዛሬ ወገቤን ሲያመኝ የትኛው መንገድ እንደሆነ እለየዋለሁ።

ሞላሌ ላይ ሽሮ በላን። ዶክተር ሰናይት ትንሽ ቀመሰችና "ስንት ሰው ይጠብቀናል?" አለችኝ። ከሠላሳ በላይ አልኳት። ያላት ጊዜ አምስት ቀን ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሌላ አገር ቀጠሮ ተይዞላታል። "አምስት ቀን ይበቃል፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁምልኝ እንጂ" አለች።

መሐል ሜዳ አደርን። ሌሊቱን ሙሉ የበልግ ዝናብ ያረፍንበትን ቤት ቆርቆሮ ሲደበድበው አደረ። ሲነጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፣ ብርዱ ግን ጣት ይቆርጣል። ዶክተር ሰናይት ጋቢ ተከናንባ ወጣችና ጭቃውን አየች። "አንድ ቀን ብንጠብቅ አይሻልም?" አለችኝ።

አንድ ቀን ማለት የስድስት ሰባት ሰው ዓይን ነው። የመጨረሻዋ ተራ የማን እንደምትሆን አላውቅም፤ የእናቴ ልትሆን ትችላለች። "ፀሐይ ወጥቷል፣ ይደርቃል" አልኩና ሞተሩን አስነሣሁ።

የመጀመሪያው ሰዓት መከራ ነበር። ድንጋይ ሆዱን ደጋግሞ መታው፤ በመታው ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ወርጄ እያየሁ፣ እየተመለስኩ፣ በአንደኛ ማርሽ ተጎተትኩ። ከዚያ አንዲት ጉብታ ወጣንና መንገዱ ድንገት ተለወጠ። ጠጠር የለም። ድንጋይ የለም። ቡናማ፣ ለስላሳ፣ የተጠረገ የሠርግ ቤት ግቢ የመሰለ መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። የተለቀመው ድንጋይ በግራና በቀኝ በየክምሩ ተደርድሯል። ከማዶ ባለው ሸንተረር ላይ ነጫጭ ልብስ የለበሰ ሰው ቆሞ እልልታው ይሰማል።

ደስ አለኝ። አዎ፣ በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ደስታ ነው። "ይዩልኝ ዶክተር! የእኛን አገር ሰው ይዩልኝ!" አልኳት። እሷም ስትስቅ ያኔ ብቻ ነው ያየኋት።

ቁልቁለቱን እንደጀመርኩ መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ። የመሪ መቅለል ማለት ጎማው መሬቱን ለቅቋል ማለት ነው። ፍሬን ነካ አደረግኩ፤ አልያዘልኝም። የተተከለውን ድንጋይ ሁሉ ነቅለው ጉድጓዱን ከታረሰ ማሳ ባመጡት አፈር ሞልተውታል፤ አፈሩ የሌሊቱን ዝናብ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ሆኗል። የፊት ጎማው ሰመጠ። ጅራቱ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ወደ ቦዩ ዞረ። ከወለሉ በታች የሆነ ነገር ሲሰነጠቅ ሰማሁ፤ የውኃው ጋን ነው። ከኋላችን ደግሞ በፋሻ የታሠረው ሁሉ ተበጥሶ ወረደ። ነርሷ "ማርያም! ማርያም!" ትላለች። መኪናው በአንድ ጎኑ አዝምሞ ቆመ፤ ሞተሩን አጠፋሁት። ከማዶ እልልታው ለጥቂት ጊዜ ቀጠለ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ጸጥ አለ።

ዶክተር ሰናይት ገብታ የወደቀውን አየች። ማይክሮስኮፑ ከተተከለበት ተገንጥሎ መስተዋቱ ደቅቋል። በዚያ ነበር ዓይን የምትሠራው። ቁርጥራጩን በእጇ ይዛ ጥቂት ቆመችና መልሳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

ሰዉ ደረሰልን። ወንዶቹ ገፉ፣ ጠፍር አስረው ጎተቱ። ሁለት ጥማድ በሬ ከነቀንበሩ አመጡና ከኋላ አሰሩት፤ በሬዎቹ ተንበረከኩ እንጂ መኪናው አልነቃነቅ አለ። የለቀሙትን ድንጋይ ከክምሩ እየመለሱ ከጎማው ሥር ታኮ ሲያደርጉት ሊጡ ድንጋዩንም ዋጠው። ቄስ ሞገስ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ሊቀበሉን ነበር የመጡት፤ እሱን አውልቀው በጭቃው ውስጥ በባዶ እግራቸው ከሰዉ ጋር ይገፉ ነበር። "ዝናቡ እኮ ነው ልጄ፣ የእግዜር ሥራ ነው" እያሉ ያጽናኑኛል። ላቤን እየጠረግኩ "አዎ አባ" እላለሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲጠብቁን የነበሩት በሽተኞች መምጣት ጀመሩ። መኪናው ካልመጣ እኛ እንሂድ ብለው ነው። በዱላ የሚመሩ፣ በበቅሎ የተጫኑ፣ አንድ ሁለት በቃሬዛ። በመንገዱ ዳርና ዳር፣ በድንጋዩ ክምር ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን ሁሉ ወደ እኛ ድምፅ አዙረው ይጠብቃሉ።

እናቴን ጎረቤታችን እጇን ይዛ አመጣቻት። "ዘውዴ!" ብላ ተጣራች። ሄጄ ጉልበቷን ሳምኩ፤ ፊቴን በሁለት እጇ ዳሰሰችኝ። "ከስተሃል" አለችኝ። "መኪናህ የታለ? እስቲ አስነካኝ።"

እጇን ይዤ ወሰድኳት። መዳፏን በነጩ ቆርቆሮ ላይ አሳረፈች፤ እያሻሸች ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደች። "እውነትም ቤት ያህላል" አለች። ቀጥላም፣ "ምነው ዘመመ?"

"ትንሽ ተንጋዷል እንጂ ደህና ነው።"

"መንገዱስ? ለሰለሰላችሁ?"

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች። ደስታዋን መያዝ አልቻለችም። "እኔም ለቅሜያለሁ እኮ! ዓይን ያለው ሰው የበልግ እርሻ ላይ ነው፤ እኔ ነኝ ለቄስ ሞገስ 'ለዓይናችን ከሆነ እኛው እንሥራው' ያልኳቸው። በየቤቱ እየተመራሁ ዞርኩና እንደ እኔ የማያዩትን ሁሉ ሰበሰብኳቸው። ተንበርክከን በዳሰሳ፣ ሦስት ቀን ለቀምን። የሚያይ ሰው ትልቁን አንሥቶ ትንሹን ይተወዋል። እኛ አንዲት አልተውንም። የተተከለውን በዶማ አስነቅለን፣ ጉድጓዱን አፈር አለበስነው። እናንተን እንዳይቆረቁራችሁ ብለን።"

እጇን አየሁት። የጣቶቿ ጫፍ ተላልጦ ደርቋል፣ የአውራ ጣቷ ጥፍር የለም። በዚያ ጣት ነው ጠጉር የምትፈትለው፣ በዚያ ጣት ነው የምታየውም። ቀና ብዬ የተቀመጡትን ሁሉ እጅ አየሁ። ሁሉም እንደዚያው ነበር።

"ለሰለሰላችሁ ወይ?" አለችኝ ደግማ።

"ለሰለሰ፣ እማዬ" አልኳት። "እንደ አስፋልት።"

"ተመስገን" አለችና ተነፈሰች።

ዶክተር ሰናይት ሥራ አልፈታችም። ባትሪዋን ይዛ በመንገዱ ዳር ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች፣ እየተንበረከከች የእያንዳንዱን ዓይን አየች። ጠብታ ለሚያስፈልገው ጠብታ ሰጠች። ስትጨርስ ወደ መኪናው ጀርባ ጠራችኝ። ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

"አብዛኞቹ የሚድኑ ናቸው ዘውዱ። ያቺ መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው፣ ዝተት የለበሰችው ሴትዮ፣ ሁለቱም ዓይኗ ይድናል። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው። አንድ ዓይን፣ ግማሽ ሰዓት።"

"እናቴ ናት" አልኳት።

"ለምን አልነገርከኝም? አንዲት እናትማ አዲስ አበባ አምጥተን ባለፈው ዓመት እንሠራላት ነበር እኮ" አለችኝ። ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሕዝቡ የነገሩት ቄስ ሞገስ ናቸው። መኪናው ተሰብሯል፣ መሣሪያውም ተሰብሯል፣ ዶክተሯ ትሄዳለች አሉ። ማንም አልጮኸም። አንድ ሽማግሌ ብቻ "እንግዲህ ለከርሞ ይሆናላ" አሉ። ሌላው ሰው ዱላውን እየፈለገ ተነሣ። አንዳንዱ በመጣበት መንገድ ሲመለስ ያንኑ አፈር በዱላው ጫፍ እየነካ፣ መለቀሙን ያላመነ ይመስል እየፈተሸ ይሄድ ነበር።

እኔ ወደ እናቴ ሄድኩ። "እማዬ፣ ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ትሄጃለሽ። እዚያ ይሠሩልሻል። ዶክተሯ ፈቅዳለች።"

"እነዚህስ?"

"እነሱ ሌላ ጊዜ።"

"ሌላ ጊዜ መቼ ነው?"

የእጄን ጭቃ በሱሪዬ ጠረግኩ።

"ልጄ ያመጣዋል ብዬ ከየቤታቸው ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ" አለች። "ልቀሙ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ወለተ ማርያም እንኳ፣ ያቺ ምስኪን፣ ጉልበቷ እስኪደማ ነው የለቀመችው። አሁን እነሱን ጥዬ ሄጄ፣ እኔ ብቻ ዓይኔን አብርቼ ብመለስ፣ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? መጀመሪያ እነሱ፣ ከዚያ እኔ።"

ለመንኳት። ተቆጣኋት። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ እግሯን ያዝኩ። "ተነሣ፣ ሰው ያይሃል" አለችኝ፤ ከከበቡን ሰዎች ግማሹ የማያይ መሆኑን ረስታው ነው መሰለኝ። ጎረቤታችንን "ነይ ምሪኝ" አለቻትና ሄደች። ያኔ ልናገር ይገባኝ ነበር። "ያስነቀልኳችሁ እኔ ነኝ፣ የናንተም የዝናቡም ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው" ማለት ነበረብኝ። ምናልባት እውነቱን ብታውቅ ኖሮ የሰዉን ዕዳ ከራሷ ላይ አውርዳ ትከተለኝ ነበር። ግን ሹፌርነቴን፣ ስሜን፣ በሰዉ ፊት ያለኝን ክብር ፈራሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ከከተማ የመንገድ ሥራ ማሽን መጥቶ መኪናውን አወጣው፤ ሲወጣ ግን የኋላው አክሰል ተሰበረ። በጭነት መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ገባ፣ ማኅበሩ ግቢ ጥግ ቆመ፣ እዚያው ዛገ። በሪፖርቱ ላይ "ድንገተኛ ዝናብ" ተብሎ ተጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ። አንድ ቀን ዶክተር ሰናይት ሻይ ስንጠጣ፣ "ዘውዱ፣ ያንን ድንጋይ ከሥሩ ያስነቀለው ማን ነው?" አለችኝ። "እኔ እንጃ፤ የአገሬው ሰው ይሆናል" አልኳት። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ሹፌር ነኝ። በዚያች ቃል ግን ጥፋቴን ተሸክሜ ዓይነ ስውራን ትከሻ ላይ ነው ያራገፍኩት።

በዓመቱ እርዳታው ቆመ፣ ማኅበሩ ተበተነ፣ ዶክተር ሰናይትም ወደ ሌላ ሥራ ሄደች። እኔ በየፋሲካው ወደ መንዝ እሄድና እናቴን እለምናለሁ። "መኪናው ተሠራ ወይ?" ትለኛለች። "እየተሠራ ነው" እላታለሁ። "እንግዲያው እንጠብቃለን" ትላለች። "እንጠብቃለን" እንጂ "እጠብቃለሁ" ብላኝ አታውቅም። በአራተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ሞተች። ክረምት ነውና መንገዱ ተቆርጦ ከሞላሌ ወዲያ በእግሬ ስሄድ፣ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ለቅሶ ላይ ከቀሩት ለቃሚዎች አምስት ስድስቱ መጥተው ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ነበር። አንዷ እጄን ይዛ፣ "እናትህ ትልቅ ሰው ነበረች፤ ብቻዬን ልይ አላለችም" አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው።

ባለፈው ዓመት እኔም ዓይኔን ሞራ ጋረደኝ። ልጄ በመኪናው ወሰደኝ፣ ከደጄ እስከ ክሊኒኩ ደጅ አስፋልት ነው። አስተኙኝ፣ የሆነ ነገር ጠብ አደረጉብኝ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብርሃን ብልጭ አለብኝና ወጣሁ። በማግስቱ ነርሷ ፋሻውን ስትፈታልኝ ፊቷን አየሁት፤ ወጣት ናት፣ ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ነርሷ ሳቀችና "አባባ፣ ሁሉም ሰው እዚህ ሲደርስ ደስታው እንዲህ ያስለቅሰዋል" አለችኝ።

"ምን ያህል ፈጀ ልጄ?" አልኳት።

ወረቀቱን አየችልኝ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።